የመረብ ሰፊዋ መስኮት

በከተማው መሃል የሚያልፍ ሰው ሁሉ ሥራዋን አይቶታል፤ እሷን ግን ያያት የለም። የሚሠራ ወይም የሚፈርስ ሕንፃ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርደው፣ አቧራውንና ፍርፋሪውን ከአላፊ አግዳሚው ራስ ላይ የሚያስቀረው አረንጓዴ መረብ የእሷ ስፌት ነው። ዕድሜዋ ስልሳ ሦስት ነው። መጀመሪያ መጋረጃ ትሰፋ ነበር። ከዚያ የጭነት መኪና ሸራ ሰፋች። ከዚያ አንድ ቀን አንድ ፎርማን የተቀደደ መረብ በትከሻው ተሸክሞ መጣና «እትዬ፣ ይቺን ትጥፊልኛለሽ?» አላት፤ ጣፈችለት። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ባንኩን አልብሳለች። ሆቴሉን አልብሳለች። መኪና ማቆሚያ ሊሆን ተጀምሮ የጫማ መደብር ሆኖ ያለቀውንም ሕንፃ ሁለት ጊዜ አልብሳዋለች። የሠፈሩ ሰው «ፎቅ አልባሿ» ይላታል። ስሙን ስትሰማ አንገቷን ትደፋለች፤ ደስ ግን ይላታል።

የምትሠራው አንደኛ ፎቅ ላይ፣ እንደ መተላለፊያ ረዝማ በጠበበች ክፍል ውስጥ ነው። የስፌት መኪናዋ ከባድ የሸራ መስፊያ ነው፤ ከመስኮቱ ሥር ተተክሏል። መስኮቱ ባለ ሁለት መዝጊያ ሲሆን ደፉ በአሥራ አንድ ዓመት መረብ ተፈትጎ እንደ ሳሙና ልሟል። መረብ ተሰፍቶ ሲያልቅ በደረጃ አይወርድም፤ በዚያ ደረጃ አንድ ወፍራም ሰው እንኳ በጎኑ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ በመስኮቱ ቀስ እያለ ይለቀቃል፤ ታች መንገዱ ላይ የቆመ የጭነት መኪና ይቀበለዋል።

መስኮቱ ሌላም ሥራ አለው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ፀሐይ በማዶው በአሮጌው ማተሚያ ቤት ጣሪያ ላይ አልፋ ትመጣና ጠረጴዛዋ ላይ ትተኛለች። ያለዚያ ብርሃን መረብ አይሰፋም። በአምፖል ሞክራዋለች። በአምፖል ሲታይ የመረቡ ቀዳዳ ሁሉ እንደ ጉንዳን መሄድ ይጀምራል፤ ዓይን አብሮ ይሄዳል፤ መርፌውም ጣት ላይ ያርፋል። የግራ ሌባ ጣቷ ላይ ሁለት ጠባሳ አለ። ሁለቱም የአምፖል ናቸው።

ባሏ ጡረታ የወጣ የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሕንፃ ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ሕንፃን ከውጭ ማየት ጀመረ። በየጠዋቱ ከሁለት መሰሎቹ ጋር አንዱ የቆርቆሮ አጥር ቀዳዳ ላይ ይቆማል። ከሦስቱ አንዳቸውም ሲሚንቶ አቡክተው አያውቁም። ሆኖም በከተማው መሃል እነሱ ሳይነቅፉት የተሞላ ኮንክሪት የለም። ማታ እቤት ሲገባ «ዛሬ ሦስተኛውን ፎቅ ሞላነው» ይላል። እሷም «እንኳን ደከማችሁ» ትላለች።

ማተሚያ ቤቱ ሊፈርስ መሆኑን መጀመሪያ የሰማችው ከፎርማኑ ነው። ልኩን በቁራጭ ካርቶን ላይ ጽፎ አመጣላት፦ ቁመቱ አሥራ ሁለት ሜትር። በምትኩ ምን እንደሚሠራ አልጠየቀችም። የመረብ ሰፊ ጥያቄ ቁመትና ወርድ ነው።

በሦስተኛው ቀን የታችኛውን ጠርዝ በድርብ ጥብጣብ እየሰፋች ሳለ ባሏ ደረጃውን እንደ ጎረምሳ እየዘለለ ወጣ።

«ስሚኝማ» አለ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ። «አሥራ አራት!»

«አሥራ አራት ምን?»

«ፎቅ ነዋ! ማተሚያ ቤቱ ቦታ ላይ። ማስታወቂያው አሁን ተለጠፈ። ባለ ሁለት ሊፍት። እኔ ብሆን ሦስት አደርገው ነበር። አሥራ አራት ፎቅ በሁለት ሊፍት ማለት፣ በሥራ መግቢያ ሰዓት ሰልፉ አስፋልት ድረስ ይወጣል።»

«እዚህ ፊት ለፊታችን?»

«ከመስኮትሽ ስድስት እርምጃ! ከእንግዲህ ዝናብ መጣ አልመጣ ምን አገባኝ? ወንበሬን ስቤ ከዚሁ አየዋለሁ።»

እግሯ ፔዳሉ ላይ ቆመ።

«ፀሐይዋስ?» አለች።

«የቷ ፀሐይ?»

«ይቺ።» ጠረጴዛው ላይ የተኛውን ብርሃን በመቀሷ ጫፍ አሳየችው።

ባሏ ብርሃኑን አየው። ከዚያ መስኮቱን አየ። ከዚያ ባለ ሁለት ፎቁን ማተሚያ ቤት አየና በሐሳቡ አሥራ ሁለት ፎቅ ደረበበት። ደስታው ከፊቱ ላይ ባይጠፋም ትንሽ ቦታ ለቀቀ።

«ደህና አምፖል አስገባልሻለሁ» አለ።

እሷ ግን «ማስታወቂያው ሌላ ምን ይላል?» አለችው።

«ቅሬታ ያለው ጎረቤት በሠላሳ ቀን ውስጥ ለፕላን ቢሮ በጽሑፍ ያመልክት ይላል። ማን ቅሬታ ይኖረዋል? ባለ አሥራ አራት ፎቅ እኮ ነው!»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መረቡን ጨርሳ በመስኮት ለቀቀችው። ቀስ ብላ ልትሰፋው፣ ልታዘገየው ትችል ነበር። ይህ ሐሳብ አልመጣላትም ማለት ውሸት ይሆናል። መጥቶላት አፈረችበት። በማግስቱ ሠራተኞቹ ከማተሚያ ቤቱ ጣሪያ ከፍ ብሎ በቆመው መወጣጫ ላይ መረቡን ሰቀሉት። ብርሃኑ በራሷ ስፌት ውስጥ እየተጣራ አረንጓዴ ሆኖ ይገባ ጀመር።

ማመልከቻውን ለመጻፍ ዘጠኝ ቀን ወሰደባት። ትምህርቷን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመችው፤ የእጅ ጽሑፏ ግን እንደ ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው። ያስቸገራት መጻፉ ሳይሆን ሰው ማስቸገሩ ነበር። አንዱን ጽፋ «በጣም ተቆጣሁ» ብላ ቀደደችው። ሌላውን ጽፋ «ለመንኩ» ብላ ቀደደችው። አንዱን ደግሞ ስታነበው ሕንፃውን ያመሰገነች ሆኖ አገኘችው። ሰባተኛው ላይ ደክሟት ተወችው፤ የተወችው እሱ ነው እንግዲህ ማመልከቻዋ።

ፕላን ቢሮ ሁለት ጊዜ ሄደች። በመጀመሪያው ቀን ከፊቷ የነበረ ሰውዬ በመስታወቱ ቀዳዳ በኩል ሲጮህ ቆየ። ተራዋ ሲደርስ ጸሐፊዋ «አቤት እማማ!» ብላ ስታምባርቅባት ደነገጠችና ሽንት ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀቻት። በቀኝ በኩል መሆኑ ተነገራት። ሄዳ እጇን ታጠበችና ወደ ቤቷ ተመለሰች። በሁለተኛው ቀን ማመልከቻውን ከቦርሳዋ እስከማውጣት ደረሰች። ጸሐፊዋ ግን ስልክ እያወራች ነበር። ጠበቀቻት፤ ወሬው አላልቅ አለ። በእጇ ሰላምታ ሰጥታት ወጣች።

በሦስተኛው ስትሄድ፣ ያለ አንዳች ማመንታት፣ ወረቀቱን በመስታወቱ ሥር አንሸራተተችው።

ጸሐፊዋ አየችው፤ ቀን መቁጠሪያውን አየች።

«እማማ፣ ሠላሳው ቀን እኮ ትናንት አለቀ።»

«ትናንት?»

«ትናንት። ትናንት ቢያመጡት ያለ ምንም ችግር እቀበልዎት ነበር።»

«ባለፈው ሳምንት መጥቼ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልሰጡኝም?»

«ስልክ ላይ ነበርሽ፣ የኔ ልጅ።»

ጸሐፊዋ ትንሽ ቀላ አለች። ደንቡ ግን ደንብ ነው። ወረቀቱ ላይ «ቀኑ ያለፈበት» የሚል ማኅተም መታችበትና ፋይል ውስጥ ከተተችው። የገባ ወረቀት አይመለስም። ሴትዮዋ አመስግና ወጣች። መንገድ ላይ ራሷን በልቧ ስትሰድብ ሄደች፤ ስድቧም እንደ ጠባይዋ ለስላሳ ነበር።

በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ፎርማኑ በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ይህ ሰው አንኳኩቶ፣ «እትዬ አለሽ?» ብሎ፣ ኮፍያውን አውልቆ ካልሆነ ገብቶ አያውቅም።

«እትዬ፣ ጉድ ሆንኩልሽ!»

«ምን ሆንክ? ሰው ወደቀ?»

«ሰውስ አልወደቀም። ማስታወቂያው ጠፋ!»

ቁጭ ብሎ ነገራት። ከፕላን ቢሮ አንድ ተቆጣጣሪ ጠዋት መጥቶ፣ ማስታወቂያው ሠላሳ ቀን ለአላፊ አግዳሚው ሲታይ መክረሙን ሊያረጋግጥ ፈለገው። ማስታወቂያው ከአጥሩ በላይ፣ ግድግዳው ላይ ነበር የተለጠፈው። ሄደው ቢያዩ አረንጓዴ መረብ ብቻ ነው። መረቡን ገልጠው ቢያዩ ማስታወቂያው እንደ አዲስ ሆኖ፣ አንድ ጠብታ ዝናብ ሳይነካው ተቀምጧል። የታየው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ሃያ ዘጠኙን ቀን የከረመው ከመረቡ ሥር ነው።

«እኔ እኮ አይቼዋለሁ» አለ ባሏ ከወዲያ ወንበሩ ላይ ሆኖ። «አቧራ እንዳይነካው ብላችሁ የሸፈናችሁት መስሎኝ ‹ጎሽ፣ እንዲህ ነው እንጂ ሥራ› አልኩ።»

«ሠራተኞቹን ለምን እዚያ ድረስ አወረዳችሁት ስላቸው፣ ‹ቀለበቱ እዚያ ነበር› አሉኝ።» ፎርማኑ ጭንቅላቱን ያዘ። እውነታቸውን ነው። መረብ የሚታሰረው ታችኛው ጠርዝ ላይ ባሉት የብረት ቀለበቶች ነው፤ ሠራተኛ ደግሞ ቀለበት ባየበት ያስራል። «እትዬ፣ እኔ አሥራ ሁለት ሜትር አልኩሽ?»

«አሥራ ሁለት አልከኝ።»

«አሁን ለካሁት። አሥራ ሦስት ነው።»

ሴትዮዋ ክር ከጣቷ ላይ ፈታች። መልሳ ጠመጠመችው።

«አንድ ጨምሬበት ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ለምን?»

«ሁልጊዜ እጨምራለሁ።»

«ሁልጊዜ ማለት ከመቼ ጀምሮ?»

«ከባንኩ።»

ፎርማኑ ከወንበሩ ተነስቶ ተጠቅልሎ የተቀመጠ መረብ ላይ ተቀመጠ። ለምን ከዚያ ወደዚህ እንደተዛወረ እሱም አያውቅም።

«ስትለካ ከላይኛው ጣውላ እስከ ታችኛው ጣውላ ነው የምትለካው» አለች። «ላይ ብረቱ ላይ የሚጠመጠመውን ትረሳዋለህ። አንድ ሜትር ያጥራል። እንዳይከፋህ ብዬ...»

«አሥራ አንድ ዓመት!» አለ ፎርማኑ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሠራተኛ ሰብስቤ ‹መረብ አለካክን ከእኔ ተማሩ፤ አንድ ቀን አጥሮብኝ ያውቃል?› እያልኩ!»

«አላጠረብህም እኮ» አለች ልታጽናናው።

ከዚያ የራሱን ገበና አወጣ። ባለፈው ወር ሌላ ሥራ ላይ፣ ባለቤቱ ቸኩሎ መረቡን ከፋብሪካ አስመጣ። ፎርማኑ በሰጠው ልክ ተሠርቶ መጣና አንድ ሜትር አጠረ፤ በሰው ሁሉ ፊት ተሳቀበት። እሱም ዕድሜ ነው፣ ዓይኔ ደክሟል ብሎ፣ ለማንም ሳይናገር፣ ለማተሚያ ቤቱ የለካው አሥራ አንድ ሆኖ ሳለ አሥራ ሁለት ብሎ ጻፈላት።

«አንተም ጨመርክ?» አለች።

«እኔም ጨመርኩ።»

ባሏ ሳቁን ውጦ፣ አንቆት፣ ውኃ ሊጠጣ ወጣ።

የሕንፃው ባለቤቶች ፎርማኑን ቁም ስቅሉን አሳዩት፤ መረብ የተባለ ነገር ሁሉ ማስታወቂያው በሚታይበት ልክ ተጠቅልሎ እንዲታሰር ሆነ። ሠላሳው ቀን እንደገና ከአንድ ተቆጠረ። ጸሐፊዋም ፋይሏን ስታገላብጥ የዚያችን ዝምተኛ ሴትዮ ወረቀት አገኘች። ቀኑ ያለፈበት ማመልከቻ አሁን ቀኑ ያልደረሰበት ሆኗል። ማኅተሙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ማኅተሙ ተሰርዟል» ብላ ጽፋ ወደ ላይ አሳለፈችው። ከመላው ሠፈር የቀረበው ቅሬታ እሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት የቢሮው መሐንዲስ የተጠቀለለ ንድፍ በብብቱ ይዞ መጣ። ቀጭን ሰው በመሆኑ ደረጃው አልከበደውም። በሩ ላይ ደርሶ ወለሉን ዳር እስከ ዳር የሞላውን መረብ ሲያይ ጫማውን አወለቀ፤ በዚህ ወዲያው ወደደችው። ወረቀቱን አውጥቶ ጮክ ብሎ አነበበው፦

«ሕንፃው አይሠራ አላልኩም። ሕንፃ ካልተሠራ እኔም ሥራ የለኝም። ነገር ግን የምሰፋው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በመስኮቴ በሚገባው ብርሃን ነው። ሌላ መስኮት የለኝም። ይህንኑ አሳውቃለሁ።»

ወረቀቱን ገለበጠው። ጀርባው ባዶ ነው።

«እናቴ፣ ምን እንዲደረግልዎት ነው የጠየቁት?»

«አልጠየቅኩም» አለች።

«አዎ፣ እሱን ነው የምለው።»

መሐንዲሱ መስኮቱን ዘጋና አምፖሉን አበራ። «እስቲ ይስፉልኝ» አላት። ሰፋችለት። የመጀመሪያው ክንድ የሚያህል ስፌት ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ከዚያ ቀስ እያለ፣ እንደ ሰካራም መንገደኛ፣ ወደ ቀኝ ወጣ። መሐንዲሱ ጎንበስ ብሎ መረቡን ራሱ ትኩር ብሎ አየው። ትንሽ ቆይቶ ጠረጴዛውን በእጁ ተደገፈ።

«ይሄዳል እኮ!» አለ።

«ይሄዳል» አለች።

ይህኔ ባሏ ከወንበሩ ተነሳ። ወር ሙሉ አሥራ አራት ፎቅ፣ አሥራ አራት ፎቅ ሲል የከረመ ሰው ነው።

«ስማኝ፣ ወንድሜ» አለ። «ከአራተኛው ፎቅ በላይ ያለውን ለምን ወደ ኋላ አትስቡትም?»

«አባቴ፣ ቦታው ይጠብባል። የሊፍቱ መሄጃ አለ።»

«ሊፍቱን ለእኔ ተውልኝ! ሊፍቱን ወደ ግራ አዙረው። አርባ ዓመት ሊፍት ውስጥ ነው የኖርኩት። አምጣ እስቲ ንድፉን።»

ንድፉ መረቡ ላይ ተዘረጋ። ሁለቱ ወንዶች በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ባሏ በጣቱ ሊፍቱን አዞረ፣ ደረጃውን አዞረ፣ ሽንት ቤቶቹን በሙሉ ከቦታቸው አፈናቀለ። መሐንዲሱ መጀመሪያ ራሱን ነቀነቀ፣ ቀጥሎ አገጩን አከከ፣ በመጨረሻ እርሳስ አወጣ። ሴትዮዋ ባሏን እንዲህ ሲሆን ያየችው፣ ወጣት ሳሉ የታሰረ ሰው ከሊፍት ሊያወጣ ሲሮጥ ብቻ ነበር።

መሐንዲሱ ቀና አለ። «ሊሆን ይችላል» አለ። «ምን ያህል እንደምንስበው ግን ሰዓቱ ነው የሚወስነው። እናቴ፣ ብርሃኑ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ቢያገኝዎት ይበቃዎታል?»

ባሏ አፉን ከፈተ። መሐንዲሱ በእጁ አስቆመውና እሷን ጠበቀ።

ሴትዮዋ የሰውዬውን ጉልበት አየች። ሱሪው ላይ አረንጓዴ ክር ተጣብቋል። ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ሳስቷል። ይህን ሁሉ ሰው፣ ይህን ሁሉ ፎቅ እንዳስቸገረች ተሰማት።

«አምስት ሰዓት...» አለች። «ከአምስት ሰዓት ቢሆንም ግድ የለም።»

«እስከ?»

«እስከ ሰባት ተኩል።»

መሐንዲሱ ጻፈው። የባሏ ፊት ውኃው እንደደረቀ ሲሚንቶ ሆነ።

ሰውዬው ጫማውን አጥልቆ ደረጃውን እስኪወርድ ታገሠ። ከዚያ ግን፣

«ሦስት ሰዓት ብትይው ሦስት ሰዓት ይጽፍ ነበር!» አለ።

«እንዳይከብደው ብዬ ነው።»

«ለማን?»

«ለሕንፃው።»

ውሳኔው በወሩ መጣ፤ በማኅተም። ከአራተኛው ፎቅ በላይ ያለው የሕንፃው ክፍል በመንገዱ በኩል ወደ ኋላ እንዲሳብ፤ የአመልካቿ መስኮት ከአምስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል የፀሐይ ብርሃን እንዳይከለከል። አንዲት ደቂቃ አልጨመሩም፤ አንዲት ደቂቃም አልቀነሱም።

ሕንፃው ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ፈጀ። መረቡን እሷው ሰፋችው። አሁን ጠዋት ጠዋት በአምፖል ትቆርጣለች፣ ቀለበት ትመታለች፣ ጥብጣብ ትለካለች፤ እነዚህ ዓይን አይጠይቁም። ልክ አምስት ሰዓት ላይ ብርሃኑ በአራተኛው ፎቅ ጣሪያ ላይ ተንሸራቶ ሲመጣ መኪናዋ ላይ ትቀመጣለች። በሩ ላይ በዚያ ቀጥ ባለ ጽሑፏ «ከአምስት እስከ ሰባት ተኩል አይንኳኳ» የሚል ወረቀት ለጥፋለች። ዕድሜዋን ሙሉ ማንንም «አይሆንም» ብላ የማታውቅ ሴት ናት። ይህን ግን ከቢሮ ማኅተም አስመትታ ያገኘችው ነውና በራሷ ሥልጣን ልትሸርፈው አልደፈረችም።

አንድ ቀን ፎርማኑ የአዲስ ሕንፃ ልክ ይዞ ስድስት ሰዓት ላይ መጣ። ባሏ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘው። እሱም ምሳውን እየጠበቀ ነበር፤ በዚያ ቤት ምሳ አሁን በስምንት ሰዓት ነው።

«ትንሽ ቃል ብቻ ብነግራትስ?» አለ ፎርማኑ።

«ሞክር» አለ ባሏ።

ፎርማኑ ወረቀቱን አነበበው። እጁን አነሳ። ከውስጥ መኪናው ሳያቋርጥ ይሄዳል። እጁን መልሶ ኪሱ ከተተው።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ስድስት ከሩብ አልሞላም።»

ባሏ በጠባቡ ደረጃ ላይ ወደ ግድግዳው ተጠጋለት፤ ፎርማኑም ኮፍያውን አውልቆ ጎኑ ተቀመጠ።